ሁለት ወረቀቶች፦ የዲፓርትመንት ፎርምና የኮስት ሼሪንግ ውል



ውድ እህት ወንድሞች፣ በተለይ ዘንድሮ የገባችሁ ፍሬሾች፣ ይህ ትምህርት በዋናነት ለእናንተ የተዘጋጀ ነው። ሲኒየሮችም ብታነቡት አይከፋም፤ ሁለተኛው ክፍል እናንተንም ይነካል።

አንድ ተማሪ እዚህ ግቢ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወረቀቶች ይሞላል። አንደኛው የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ነው። በእሱ ላይ ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ክርክር ይደረጋል፣ ሲኒየር ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ጋ ይደወላል፣ ሱጁድ ላይ ዱዓ ይደረጋል። ሁለተኛው የኮስት ሼሪንግ ውል ነው። እሱ ግን ሰልፍ ላይ፣ የጓደኛ ጀርባ እንደ ጠረጴዛ ሆኖ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይፈረማል። ወሩ ሳያልቅ «ስንት ብር ፈረምክ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ ብዙ አይገኝም።

ሁለቱን አብረን ልናያቸው የፈለግነው ጥያቄያቸው አንድ ስለሆነ ነው። ምን እማራለሁ? በማን ገንዘብ? የዲፓርትመንቱ ርዝመት ዕዳውን ይወስናል፤ ዕዳው ደግሞ ከምረቃ በኋላ የምንይዘውን ሥራ ይጫነዋል። አንዱን እየተጨነቁ ሌላውን ሳያነቡ መፈረም ግማሽ ምርጫ ነው።

የወሎ ደረሳ እንዴት ይመርጥ ነበር?

ይህ ጥያቄ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ወሎ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ የተማሪ አገር ነበር። ጃማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳና፣ ሾንኬ የሚባሉት ስሞች ዛሬ ለብዙዎቻችን የዚያራና የመውሊድ ስም ብቻ ሆነው ይሰማሉ። በዘመናቸው ግን ሰው ከሩቅ አገር በእግሩ እየመጣ የሚማርባቸው ማዕከሎች ነበሩ። ጌታ ለምሳሌ እዚሁ ቃሉ ውስጥ ያለ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐጂ ቡሽራ ያቋቋሙት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) የዚህን ዘመን የወሎ ዑለሞች ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ታሪክ የምትማሩ ሳታነቡት ባትመረቁ መልካም ነው።

ደረሳው አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉንም አይማርም። ፊቅህ የፈለገ በፊቅህ ወደታወቁት ሸኽ ይሄዳል፤ ነሕውና ሰርፍ የጎደለው ደግሞ ለዚያ የሚመሰገኑትን ሸኽ ጠይቆ ይሄዳል፤ ተፍሲር ሲደርስ እንደገና ስንቁን ይቋጥራል። የሚጠይቀው «የትኛው ቦታ ስሙ ትልቅ ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እኔ የሚጎድለኝን ኪታብ አሳምረው የሚያቀሩት ማን ናቸው?» ብሎ ነው። ምርጫው ከራሱ ጉድለት ይነሳል።

እህሉስ? ደረሳው የሚበላው መንደሩ ከሚሰጠው ነበር። ሰው ካለው ላይ ቆርሶ ያበላዋል፤ እሱም የሸኹን እርሻ ያግዛል፣ ይጎለጉላል፣ ያጭዳል። ማን እንዳበላው ያውቃል። የትኛዋ እናት ቂጣ እንደላከችለት፣ ለየትኛው ቤት ዱዓ እንደሚያደርግ ያውቃል። እኛ ካፌ ተሰልፈን የምንበላው እንጀራም የሚያበላው ሰው አለው፤ ልዩነቱ ስሙን አለማወቃችን ነው።

ሰው የበዛበት መንገድ

አሁን ወደ ፎርሙ እንመለስ። ፎርሙ ሲመጣ ግቢው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ናቹራል ከሆነ «ሜዲስን፣ ካልሆነ ሶፍትዌር»፤ ሶሻል ከሆነ «ሎው፣ ካልሆነ አካውንቲንግ»። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እንደ ቅጣት ይቆጠራል።

ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ሂጅሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉ) ኢሕያእ ዑሉሚዲን በተባለው ኪታባቸው የዕውቀት ክፍል ላይ ይህንኑ ነገር አንስተዋል። ሕክምና፣ ሒሳብ፣ እርሻና ሽመና ሳይቀሩ ፈርድ ከፋያ እንደሆኑ ያብራራሉ፤ ማለትም ኅብረተሰቡ ውስጥ የሚሠራቸው በቂ ሰው ካለ ከሌላው ይነሳል፣ ከጠፋ ግን ሁሉም ይጠየቅበታል። ከዚያ በዘመናቸው ሰዎች ላይ ቅሬታ ያሰማሉ። ስንት ከተማ ሙስሊም ሐኪም አጥቶ ሳለ ተማሪው ሁሉ ፊቅህ ላይ፣ በተለይም ክርክሩ ላይ ተጨናንቋል ይላሉ። ምክንያቱንም አልደበቁም፤ በዚያ መንገድ ቃዲነት፣ የወቅፍና የየቲም ንብረት አስተዳደር፣ ሹመት ይገኛል፤ በሕክምና ግን ያ አይገኝም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የሰው ብዛት ያረፈበት መስክ ፊቅህ ነበር! ከዲን ዕውቀቶች ሁሉ የከበረ ከሚባሉት አንዱ። ገዛሊ ፊቅህን አልናቁም፤ እሳቸው ራሳቸው ፈቂህ ናቸው። የነቀፉት ኒያውንና መጨናነቁን ነው። ዛሬ ሰልፉ ሜዲስን ላይ ነው። ነገ ሌላ ላይ ይሆናል። የሰልፍ ርዝመት የሚነግረን ሰዎች ምን እንደሚመኙ ነው፤ አገሩ ምን እንደጎደለው ወይም እኛ ምን እንደምንችል አይነግረንም።

ከሱሐቦች ታሪክ ሁለቱን አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) ገና ወጣት ሳሉ የሌላ ሕዝብ ጽሕፈትና ቋንቋ እንዲማሩ አዘዟቸው፤ የሚጻፈውንና የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነብ ታማኝ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ዘይድም በቀናት ውስጥ ተማሩት። ችሎታና ፍላጎት ተገናኙ ማለት ነው። በሌላ በኩል አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት ቢጠይቁ ነቢዩ ለዚህ ሥራ ደካማ እንደሆኑ፣ ሹመቱም አማና እንደሆነ ነገሯቸው። አቡ ዘር በዙህድና በእውነተኛነት ከታላላቆቹ አንዱ ናቸው። «ይህ መስክ ያንተ አይደለም» መባል ለእሳቸው ውርደት አልሆነም። ለእኛ በሒሳብ ሲ ላይ ሆነን «ኤሌክትሪካል ይከብድሃል» ስንባል ለምን ስድብ ይሆንብናል?

ቤተሰብ የሚጫነውም በዚህ ላይ ይጨመራል። ይገባናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአዲሱ አሠራር ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ከወረባቦ ወይም ከአልብኮ አንድ ልጅ አለፈ ማለት መንደሩ ሁሉ አለፈ ማለት ነው። አባት «ዶክተር ነው የማስበው» ቢሉ ከፍቅር ነው። ግን አባት የሚያውቋቸው የተማረ ሰው ሥራዎች ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ዳኛ፣ መሐንዲስ። ፋርማሲ ምን እንደሚሠራ፣ የእንስሳት ሕክምና ለአንድ አርብቶ አደር ባቲ ላይ ምን ማለት እንደሆነ፣ የውሃ ምህንድስና ለገጠር መንደር ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት የልጁ ድርሻ ነው። በአክብሮት፣ በቁጭብሎ ወሬ፤ በስልክ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ለእረፍት ቤት ስትገቡ ከቡናው ጎን አንሱት።

ዲፓርትመንቱን ከስሙ ባሻገር

በመጀመሪያ ምደባው በምን እንደሚሠራ እወቁ። የፍሬሽማን ፕሮግራም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ስለተጀመረ ዲፓርትመንት የሚወሰነው እዚህ ከገባችሁ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው የፍሬሽ ውጤታችሁን፣ የመግቢያ ፈተና ውጤታችሁን፣ የየዲፓርትመንቱን ኮታና ለእህቶችና ለሌሎች የሚደረገውን ድጋፍ ይመለከታል። የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ከሬጅስትራር ወይም ከኮሌጁ ማስታወቂያ አንብቡ፤ ከዶርም ወሬ አትውሰዱት። ወሬው ብዙ ጊዜ ያለፈው ዓመት መስፈርት ነው። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ደግሞ ቀላል ነው፤ በምርጫ ፎርም ላይ ከምታጠፉት ሌሊት ይልቅ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብና እንግሊዝኛ የምታጠፉት ሌሊት ምርጫችሁን ያሰፋዋል።

ቀጥሎ ከላይ ለጻፋችኋቸው ሦስት ምርጫዎች ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ። በዲፓርትመንቱ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ፣ ተመርቆ በሙያው የሚሠራ ሰው፣ ተመርቆ በሙያው የማይሠራ ሰው። ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ ብዙውን ጊዜ እውነቱ ያለው እሱ ጋ ነው። «የትኛው ኮርስ ላይ ተማሪ ይወድቃል? ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ? ደግመህ ብትመርጥ ይህን ትመርጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ኢስቲሻራ ነው፤ ከኢስቲኻራ በፊት የሚመጣ። ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ ኢስቲኻራን በሁሉም ጉዳይ ላይ ያስተምሯቸው እንደነበር እናውቃለን። ግን ኢስቲኻራ ሳይጠይቁና ሳያጣሩ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ሕልም መጠበቅ አይደለም። ያጣራችሁትን ይዛችሁ ቁሙ፣ ለምኑ፣ ከዚያ ወደሚቀልላችሁ በር ሂዱ። ሕልም ካልመጣ ደግሞ ምንም አልጎደለም።

ኢንጂነሪንግ የምትመርጡ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እንደምትማሩ አስታውሱ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የአየሩም የኑሮውም ነገር ይለያል። ኮምቦልቻ ግን ለተማሪ የተከፈተ መጽሐፍ ነው። ቴክስታይልን እንውሰድ። ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው ዲፓርትመንት ነው። ከተማው ግን ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተበት ነው። «ታዲያ ሥራ ሞልቷል ማለት ነው?» እንዳትሉ። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ ዩኒቨርሲቲውም ፋብሪካውም ተጎዳ። በዚያው ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስላስወጣች ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፓርኮች ሁሉ ተናጉ። እንግዲህ አንድ ዲፓርትመንት ስንመርጥ ሥራው ከምን ጋር እንደታሰረ ማወቅ ይገባል። ከውጭ ገበያ ጋር ነው? ከመንግሥት በጀት ጋር? ወይስ አዋላጅ ነርስና የእንስሳት ሐኪም እንደሚፈለጉት፣ ሰው በኖረበት ሁሉ የሚፈለግ? ይህን ከመለስን በኋላ ቴክስታይልን የመረጠ ሰው አውቆ የመረጠ ነው፤ እሱን አከብረዋለሁ።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ደግሞ ይፈተናል እንጂ ዲግሪ አያገኝም። ስለዚህ «ገብቼ እንደምንም እወጣለሁ» የሚለው የድሮ ሒሳብ አይሠራም። የማትችሉትን መርጦ መግባት ቀላል ሆኖ መውጣት ከባድ ሆኗል።

ሐላሉና ሪዝቁ

በየዓመቱ ከሚነሱልን ጥያቄዎች አንዱ «አካውንቲንግ ብማር ባንክ ነው የምገባው፤ ይቻላል?» የሚለው ነው። ትምህርቱና ሥራው የተለያዩ ናቸው። ሒሳብ መያዝ፣ ኦዲት፣ ግብር ማስላት ሙስሊም ነጋዴ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው። ደሴ ገበያ ውስጥ ስንት ነጋዴ ወንድማችን መዝገብ ባለመያዙ ብቻ በግምት ግብር እንደሚከፍል ጠይቁ። ባንኩም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ መጀመሪያ ነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፈቱ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራም ተከተለ። እነዚህ ባንኮች ሙራበሓና ሙሻረካ የሚገባው የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ኬሚካልና መካኒካል የምትማሩ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ የቢራ ፋብሪካ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሰርተፊኬቱ ወደ ብዙ በር ይወስዳል፤ የትኛውን በር እንደማትገቡ ግን ዛሬ ላይ ወስኑ። ሥራ ፈልጎ ዓመት የተንከራተተ ሰው እዚያ በር ላይ ቆሞ መወሰን ይከብደዋል። ዝርዝሩ ላይ ዑለሞችን ጠይቁ፤ ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም።

ሁለተኛው ወረቀት

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መማሪያውንም ምግቡንም መኝታውንም መንግሥት ይሸፍንለት ነበር። በዚያ ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ወጪውን እንዲጋራ ተደረገ። በኋላም በ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 154 ወጣ። ዋናው አሠራር እንዲህ ነው፦ የምግብና የመኝታ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው፤ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ። ይህን አሁን አትከፍሉም፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ አሠሪያችሁ ከደመወዛችሁ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ቆረጣው ከወር ገቢ ከ10 በመቶ ያላነሰ ነው።

እንግዲህ ካፌ የምንበላው «የመንግሥት እንጀራ» የሚባለው በዱቤ የተበላ ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ምግቡ ስላልጣመው ግማሹን ሲደፋ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል። የራሱን ዕዳ ነው የሚደፋው።

ለብዙ ዓመታት የዕዳው መጠን ሰው የማይጨነቅበት ነበር፤ የቀን የምግብ ተመኑ ትንሽ ነበርና። በ2017 ዓ.ም. ግን የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለካፌው መልካም ዜና ነው፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት ተአምር ነበር። ለውሉ ግን ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። አንድ ዓመት 300 ቀን ብንበላ፣ ድሮ 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይሆናል። ተመኑ ሙሉ በሙሉ ከተቆጠረብን በአራት ዓመት 120,000፣ በአምስት ዓመት 150,000 ብር፤ መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ሳይጨመር። ለስሌት እንዲመቸን የተመራቂው ደመወዝ 10,000 ብር ነው እንበል። 10 በመቶው 1,000 ብር ነው። የምግቡ ብቻ አሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ደመወዙ ሲያድግ ጊዜው ያጥራል፤ ቢሆንም አሁን የምትፈርሙት ቁጥር ትዳር መሥርታችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁም አብሯችሁ የሚኖር ቁጥር ነው። የአራት ዓመቱንና የስድስት ዓመቱን ፕሮግራም ስታወዳድሩ ይህንንም ከጎኑ ጻፉት።

የተወደደ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ዕዳ እንደ ባንክ ብድር ወለድ አይታሰብበትም። አልሐምዱሊላህ ማለት ይገባል፤ ሌላ አገር ያሉ ወንድሞቻችን ይህን አላገኙም። እንግሊዝ ውስጥ የተማሪዎች ብድር ወለድ ስላለበት ዩኒቨርሲቲ መግባት የተዉ ወይም እየሠሩ ለዓመታት ያጠራቀሙ ሙስሊሞች አሉ። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ከወለድ ነፃ አማራጭ ላይ ሕዝብ አማከረ፣ በ2017 ሕግ አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዓመታት አልፈው ተማሪው እጅ አልደረሰም። እኛ ዘንድ የቀረው የሪባ ጥያቄ ሳይሆን የዕዳ ጥያቄ ነው።

የዕዳው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ መጻፉን እንዳንሰለች ያዛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ትቶ በሞተ ሰው ላይ ራሳቸው ሳይሰግዱ ለሱሐቦች ሲተዉት አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) «ዕዳው በእኔ ላይ ነው» ብለው ከወሰዱ በኋላ ሰግደውበታል። ታዲያ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?» የሚለው ወሬ በመካከላችን እንዴት ተለመደ? የመንግሥት ገንዘብ ማለት ግብር የከፈለው የቃሉ ገበሬና የደሴ ቸርቻሪ ገንዘብ ነው። መክፈል እየቻለ የሚያዘገይ ሰው በሐዲስ በዳይ ተብሏል። ብሩ በጊዜ ብዛት መቅለሉ እውነት ነው፤ ያ ግን ለማዘግየት ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ በውሉ ላይ እንዲህ አድርጉ። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ከፈረማችሁ በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ፎርሙ ላይ የምትጠቀሙበት አገልግሎት ይጠየቃል፤ ምግብ፣ መኝታ ወይስ ሁለቱም? ቤተሰቦቻችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆነው ከቤት የምትመላለሱ፣ ያልተጠቀማችሁበትን መኝታ «ለማንኛውም» ብላችሁ አትሙሉ። ነን ካፌ የምትሆኑም በጥሬው የምትቀበሉት ብር ስጦታ እንዳልሆነ እወቁ። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየዓመቱ የተጻፈውን ደምሩ። ስትመረቁ ጠቅላላው ትራንስክሪፕታችሁ አጠገብ እንዲቀመጥ እንጂ በአሥር ዓመት ኦርጅናል ዲግሪ ፍለጋ ስትመጡ እንዳይደነግጣችሁ። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ቴምፖራሪ ነው፤ ኦርጅናሉ ኮስት ሼሪንጉ መከፈሉ ሲረጋገጥ ነው የሚወጣው። በግል የምትሠሩም ብትሆኑ ቆራጭ አሠሪ የለም ብላችሁ አትዘንጉት፤ ሄዶ መክፈል የራሳችሁ ነው። የመምህርነት ሙያ የምትገቡ ደግሞ ዕዳችሁን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት መክፈል የሚቻልበት አሠራር ስላለ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

አሠራሩ ወደፊት ይበልጥ ወደ ክፍያ እንጂ ወደ ነፃ አይሄድም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከታች የሚመጡ ወንድምና እህቶቻችሁን ከአሁኑ አሳውቁ።

የኪስ ገንዘብ

ውሉ ሞባይል ካርድ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙናና ትራንስፖርት አይሸፍንም። ለብዙ ተማሪ ትምህርት የሚያቋርጠው ትልቁ ዕዳ ሳይሆን ይህቺ ትንሿ ወጪ ናት። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና ሲገቡ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ግማሽ ሀብታቸውን ሊሰጧቸው ቢያቀርቡ፣ ባረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው ገበያው የት እንደሆነ ጠየቁ። እኛም ገበያውን እንጠይቅ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማስጠናት፣ ጽሑፍ መተየብ፣ ስልክ መጠገን፣ በክረምት ቤተሰብ ሱቅ መቆም። የማታ ሥራ ግን የሱብሒ ሶላትንና የጠዋት ክላስን ከበላ ትርፉ ኪሳራ ነው።

መሥራት ያልቻለ ተማሪ ደግሞ አለ። ከመስጂደ ነበዊ አጠገብ ሱፋ ላይ የነበሩት ሱሐቦች፣ አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) ጨምሮ፣ ለዕውቀት ራሳቸውን ሰጥተው ሌሎች ያበሏቸው ነበር። ኢማም ነወዊ አል-መጅሙዕ በተባለው ኪታባቸው፣ ሠርቶ መብላት የሚችል ሰው እንኳ የሸሪዓ ዕውቀት ፍለጋው ሥራ ቢከለክለው ዘካ እንደሚገባው ጽፈዋል። ለሌሎች ጠቃሚ ትምህርቶች ይህን ማስፋት ላይ ዑለሞችን ጠይቁ፤ ነገር ግን ፈቂርና ሚስኪን መሆን ብቻውን ለዘካ ያበቃል፣ ተማሪነትም አያስቀረውም። የተቸገራችሁ እህት ወንድሞች ለጀመዓችሁ አሚር በግል ንገሩ። ያላችሁ ደግሞ ሰጪው ሳይታወቅ፣ ተቀባዩም ሳይታወቅ የሚደርስበትን መንገድ አግኙ። ዶርም ጓደኛችሁ ሶስት ቀን ሳሙና ሲበደር ካያችሁ እሱ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ያልመረጥኩት ቢደርሰኝስ?

ይደርሳል። ኮታ ጠባብ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ውጤቱ በወጣ ሳምንት፣ የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ፣ ስህተት ካለ በጽሑፍ ለሬጅስትራር ማቅረብ ነው፤ የቅያሬ ዕድል ካለም ቀነ ገደቡ አጭር ነው። ካልሆነ ግን አንድ ሴሚስተር ሙሉ እያለቀሱ ሲ እና ዲ መሰብሰብ ሁለተኛ ኪሳራ ነው፤ በዚያ ግሬድ ነገ ማስተርስም አይገባበት። ጂኦግራፊ የደረሰው ተማሪ የካርታ ሶፍትዌር ሊማር ይችላል፤ ባዮሎጂ የደረሳት እህት ላብራቶሪ ላይ ልትበረታ፣ ኋላ በማስተርስ ወደ ጤና መስክ ልትጠጋ ትችላለች። ቴክኒክና ሙያም በር ነው፤ ደሴ ላይ ያለው ወይዘሮ ስሒን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ስንቱን ባለሙያ አውጥቷል! በክረምት አጭር ሥልጠና የወሰደ የዲግሪ ተማሪ አላፈረም፤ እጁ ሥራ ያውቃል።

ለመቀየር ወይም ለመቆየት ስታስቡ ሁለተኛውን ወረቀት እንደገና አውጡት። ከዜሮ ዓመት መጀመር ማለት የአንድ ዓመት ምግብ፣ መኝታና ትምህርት ተጨምሮ መፈረም ነው። ይህን አስልታችሁ አሁንም መቀየሩ ከበለጠባችሁ፣ ቀይሩ፤ ካልበለጠ ደግሞ ቁጥሩን ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ነገ ጠዋት ክላስ ግቡ።